ሲኒና ቻይና

በአማርኛችን ውስጥ ከአንድ አገር ስም የወጡ ሁለት ቃላት ይገኛሉ። አንደኛው ሲኒ ነው። ይህ ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው «የቻይና» ማለት ነው። የዐረብ ነጋዴዎች ከሩቅ ምሥራቅ ይመጣ የነበረውን ስስና ነጭ ሸክላ በሠሪው አገር ስም ይጠሩት ነበርና፥ ከዕቃው ጋራ ስሙም ወደ እኛ ተሻግሮ የቡና መጠጫችን መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሁለተኛው ቃል ግን በዘመናችን የተነሣ ነው፤ እርሱም ቻይና የሚለው ነው። ዛሬ በገበያ ቆሞ «ይህ እኮ ቻይና ነው» የሚል ሰው፥ ዕቃው የተሠራበትን አገር መናገሩ አይደለም፤ ቶሎ ይሰበራል፥ አያስተማምንም፥ አስመስሎ የተሠራ ነው ማለቱ ነው። ይህም አነጋገር ከዕቃ አልፎ ወደ ሰው ደርሶአል፤ የማይጸና ወዳጅነትንና ውሎ የማያድር ስምምነትን በጨዋታ መካከል በዚሁ ስም ሲጠሩት እሰማለሁ።

እንግዲህ አንድ ሕዝብ ለአባቶቻችን የክብር ዕቃ ስም፥ ለእኛ ደግሞ የንቀት ቃል ሊሰጥ የቻለው እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ በአሳቤ ሲመላለስ ቈይቶአል። ነገሩ የገበያ ነገር ብቻ መስሎ ቢታይም፥ ስመለከተው የፍርድ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱም በዚህ አንድ ቃል ከ1 ቢሊዮን በሚበልጥ ሕዝብ ላይ እንፈርዳለን፤ ሳይመረመር የተሰጠ ፍርድ ደግሞ ንጹሑን መጕዳቱ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን በደለኛ በጥላው ሸሽጎ ያስመልጠዋል። ስለዚህ ስለ ነገሩ የማውቀውን በዚህ ጽሕፈት ለአንባብያን አቀርባለሁ። የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስቀድሜ ስለ ሲኒው ልናገር። በቻይና ደቡብ፥ በጂያንግሺ አውራጃ፥ ጂንግደጄን የምትባል ከተማ አለች። ሸክላ ሠሪዎችዋ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ ካኦሊን የተባለውን ነጭ ዐፈር ከተፈጨ ድንጋይ ጋራ ለውሰው በብርቱ እሳት እየተኰሱ፥ ብርሃን የሚያሳልፍና ሲመቱት እንደ ደወል የሚጮኽ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ካኦሊን የሚለውም ስም ራሱ በከተማዪቱ አጠገብ ካለው ከጋኦሊንግ ተራራ የተገኘ ነው። የአውሮጳ ነገሥታት ይህን ሸክላ በብዙ ወርቅ እየገዙ ምሥጢሩን ለማግኘት ረጅም ዘመን ደከሙ። በመጨረሻ በሳክሶኒ አገር ዮሐን ፍሪድሪክ ቦትገር የሚባል ሰው የአሠራሩን ብልሃት ከደረሰበት በኋላ፥ በ1710 ዓ.ም. በማይሰን ከተማ ፋብሪካ ተቋቋመ። በዚያን ዘመን አስመስሎ ለመሥራት የሚደክመው አውሮጳዊው ነበረ፤ እውነተኛውን የሚሠራው ቻይናዊው ነበረ።

ሌላም ነገር አለ። በ14ኛው መቶ ዓመት የሚንግ ነገሥታት መጀመሪያ የሆነው ሆንግዉ የናንጂንግን ከተማ ቅጥር ሲያሠራ፥ ጡቡ ከብዙ አውራጃዎች በጀልባ እየተጫነ ይመጣ ነበር። በብዙዎቹም ጡቦች ላይ ያሠራው ሹም ስምና የሠራው ሰው ስም ታትሞባቸው ነበር። ጡቡ የላላና የሚፈረፈር ሆኖ ቢገኝ፥ ጥፋቱ ከማን እንደ ሆነ ለማወቅ ምስክር መጥራት አያስፈልግም፤ ምስክሩ ጡቡ ራሱ ነው። ቅጥሩ ከ600 ዓመት በኋላ ዛሬም አብዛኛው ቆሞአል፤ ስሞቹም ይነበባሉ። እንግዲህ ይህ ሕዝብ የእጅ ጥበብ የጐደለው፥ ወይም የሥራን ኀላፊነት የማያውቅ ሕዝብ አይደለም። ይህን የጡብ ላይ ስም አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ቀጥሎ የምናገረው ሁሉ ወደዚሁ ይመለሳልና።

ደግሞም በአገሩ ስም የተናቀ ዕቃ የቻይና ብቻ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። በ1876 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊላደልፍያ ከተማ የዓለም የሥራ ትርኢት በተደረገ ጊዜ፥ ከጀርመን መንግሥት የተላከው ፍራንዝ ረሎ የተባለ የበርሊን መምህር የአገሩን ዕቃ ከሌሎች ጋራ አስተያይቶ፥ የጀርመን ሥራ ርካሽና መጥፎ ነው ብሎ ወደ አገሩ ጋዜጣ ጻፈ። አገሩም እጅግ ተቈጣ። በዚያው ዘመን በጀርመን በዞሊንገን ከሚሠሩት ቢላዎች አንዳንዶቹ የእንግሊዝ የሸፊልድ ከተማ ምልክት እየተደረገባቸው ይሸጡ ነበርና፥ እንግሊዞች ይህን የመሰለውን ማታለል ለመከልከል በ1887 ዓ.ም. የንግድ ምልክት ሕግ አወጡ። የእንግሊዝን ምልክት የያዘ የውጭ አገር ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲገልጥ ተገደደ። ሕጉ የታሰበው ገዢው የጀርመንን ዕቃ ዐውቆ እንዲሸሽ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ትውልድ ሳያልፍ «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሕፈት የነቀፋ መሆኑ ቀርቶ የምስጋና ምልክት ሆነ። ጀርመናውያን ስማቸው በዕቃው ላይ እንዲጻፍ ከተገደዱ በኋላ፥ ስማቸውን የማያሳፍር ዕቃ መሥራት ግድ ሆነባቸው።

ጃፓንም በዚሁ መንገድ አልፋለች። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና ከጦርነቱም በኋላ ባሉት ዓመታት የጃፓን ዕቃ ማለት በብዙ አገር ርካሽ መጫወቻና ቶሎ የሚሰበር ዕቃ ማለት ነበር። በ1950 ዓ.ም. ኤድዋርድስ ዴሚንግ የሚባለው አሜሪካዊ ሊቅ ወደዚያ ሄዶ፥ ጥራት የሚገኘው ዕቃው ካለቀ በኋላ የተበላሸውን በመለየት ብቻ ሳይሆን፥ ሥራው በሚሠራበት ጊዜ እያንዳንዱን ደረጃ በመለካትና በማረም መሆኑን ለመሐንዲሶችና ለፋብሪካ አለቆች አስተማረ። ጃፓናውያን በተከታዩ ዓመት በስሙ ሽልማት አቋቋሙለት፤ ትምህርቱንም በተግባር አዋሉት። ዛሬ በመንገዳችን ላይ የጃፓንን አውቶሞቢል አይቶ የሚንቅ ማን ነው? አንድ አሮጌ የጃፓን አውቶሞቢል ከብዙ አዲስ አውቶሞቢል ይልቅ በውድ ዋጋ እንደሚሸጥ ነጋዴዎቻችን ያውቃሉ።

ከዚህ በኋላ ወደ ቻይና ልመለስ። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ መንግሥት ለንግድ በሩን ሲከፍት፥ ሕዝቡ ዕቃ እጅግ ተርቦ ነበር። ገዢ ተሰልፎ በሚጠብቅበት አገር መጥፎ ዕቃም ይሸጣልና፥ ሠሪው ስለ ጥራት ብዙ አልተጨነቀም። በ1985 ዓ.ም. በቺንግዳኦ ከተማ ካለው የማቀዝቀዣ ፋብሪካ አንድ ገዢ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ይዞ አቤት አለ። ፋብሪካው ጥበቡን ከአንድ የጀርመን ኩባንያ የተቀበለ ነበር፤ ነገር ግን የተቀበሉት ጥበብ የሠራተኛውን ልብ አልለወጠም ነበር። ጃንግ ሩዪሚን የተባለው አዲሱ የፋብሪካው ሹም በግምጃ ቤት ያሉትን ማቀዝቀዣዎች ሁሉ አስመረመረና 76 ጕድለት ያለባቸው አገኘ። አንዳንዶች በርካሽ ለሠራተኞች እንሽጣቸው አሉ። እርሱ ግን ሠራተኞችን ሁሉ ሰብስቦ፥ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በመዶሻ እንዲሰባብሩአቸው አዘዘ። የአንዱ ዋጋ የአንድ ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ ነበርና፥ እያለቀሱ የሰበሩ እንደ ነበሩ ይነገራል። ያ ፋብሪካ ዛሬ ሃየር የሚባለው ታላቅ ኩባንያ ነው፤ መዶሻውም በቤጂንግ በብሔራዊው ሙዚየም ተቀምጦአል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1987 ዓ.ም. ነሐሴ ወር፥ በሃንግጆ ከተማ አደባባይ ከ5,000 ጥንድ የሚበልጥ ጫማ በእሳት ተቃጠለ። ጫማዎቹ በወንጆ ከተማ የተሠሩ ነበሩ። በአንዳንዶቹ ሶል ውስጥ ከቆዳ ይልቅ ካርቶን ስለሚገኝ፥ ሕዝቡ «የሳምንት ጫማ» እያለ ይዘብትባቸው ነበር። ልብ አድርጉ፤ የወንጆን ጫማ የናቀውና ያቃጠለው የውጭ አገር ሰው አይደለም፥ ራሱ ቻይናዊው ነው። ወንጆዎችም ውርደቱን አልረሱትም፤ በ2002 ዓ.ም. ያ ጫማ የተቃጠለበትን ቀን የከተማቸው የታማኝነት ቀን እንዲሆን ወሰኑ። በእነዚህ በሁለቱ ታሪኮች ውስጥ አንድ ነገር አየሁ። ማቀዝቀዣው የተሻሻለው ሰሪው በሠራው ዕቃ ፊት እንዲቆም በተደረገ ጊዜ ነው፤ ጫማውም የተሻሻለው ከተማው ስሙን እንደ ራሱ ገንዘብ መቍጠር በጀመረ ጊዜ ነው። ይህም ከናንጂንግ ጡብ የተለየ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ቻይና ይህን ሁሉ ከተማረች በዓለም ገበያ መጥፎ ዕቃ ስለ ምን በዛ? ለዚህ መልሱ የንግዱን አሠራር በመመልከት ይገኛል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በጓንጆ ከተማ በዓመት ሁለት ጊዜ ታላቅ የንግድ ትርኢት ይደረጋል፤ በዪዉ ከተማም ከመርፌ እስከ ጃንጥላ ያለው ጥቃቅን ዕቃ ሁሉ የሚገኝበት ሰፊ ገበያ አለ። ከዓለም ዳርቻ ሁሉ የሚመጣው ነጋዴ ናሙና አይቶ ዋጋ ይነጋገራል። ሠሪውም በስንት ዋጋ እንደሚፈልገው ይጠይቀዋል። ነጋዴው ዋጋውን ዝቅ ባደረገ ቍጥር ሠሪው ከብረቱ ውፍረት፥ ከክሩ ብዛት፥ ከቀለሙ ዓይነት ይቀንሳል። አንዱ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት ውስጥ ለጀርመን ገዢ የሚጸና ዕቃ፥ ለሌላው ገዢ ደግሞ መልኩ አንድ የሆነ የማይጸና ዕቃ ሊሠራ ይችላል። እጁ አንድ ነው፥ የሥራ መኪናውም አንድ ነው፤ የተለየው የታዘዘው ልክና ያንን ልክ የሚመረምረው ዐይን ነው።

ይህን ስል ሠሪውን ከኀጢአት ነጻ ማውጣቴ አይደለም። በጓንግዶንግ ፋብሪካዎችና በአሜሪካ ነጋዴዎች መካከል አገናኝ ሆኖ ብዙ ዓመት የሠራው ፖል ሚድለር በ2009 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ የጥራት መደብዘዝ ስላለው ነገር ተርኮአል። ይኸውም፦ የመጀመሪያው ጭነት እንደ ናሙናው መልካም ሆኖ ይመጣል፤ ገዢው ታምኖ ምርመራውን ሲያላላ፥ ሠሪው ሳይነግረው ጥቂት በጥቂት ከዕቃው ይቀንሳል። እያንዳንዱ ቅናሽ ትንሽ ስለ ሆነ አይታይም፤ የታየ ጊዜ ግን ዕቃው ሌላ ሆኖአል። ይህ ስርቆት ነው። መጽሐፍ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን የሚናገረውን ካህናት ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ሚዛኑ ብረት ቢሆን፥ ወይም የቀለም ቅመምና የሽቦ ውፍረት ቢሆን ልዩነት የለውም።

በ2007 ዓ.ም. የሆነው ነገር ሁለቱንም ወገን ያሳያል። ማቴል የተባለው የአሜሪካ የመጫወቻ ኩባንያ በዚያ ዓመት በቻይና ያሠራቸውን እጅግ ብዙ መጫወቻዎች ከገበያ ሰበሰበ። ዓለምም ሁሉ የቻይና ዕቃ ሕፃናትን ሊገድል ነው ብሎ ጮኸ። ከተሰበሰቡት መካከል ከ2 ሚሊዮን የሚበልጡት በእርግጥ እርሳስ ያለበት ቀለም የተገኘባቸው ነበሩ፤ እርሳስም የሕፃንን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነውና፥ ይህ የሠሪው ጥፋት ነበረ። ነገር ግን 18 ሚሊዮን ያህሉ የተሰበሰቡት፥ ሕፃን ሊውጣቸው የሚችል ትንንሽ ማግኔት ተነቅሎ ስለሚወድቅባቸው ነው። ይህንም ሥዕል የነደፈው ቻይናዊ ሠራተኛ አይደለም፥ ኩባንያው ራሱ ነው። በመስከረም ወር ከኩባንያው ታላላቅ ሹማምንት አንዱ ወደ ቤጂንግ ሄዶ ይህን መስክሮ ይቅርታ ጠየቀ። ጩኸቱን የሰማው ሕዝብ ግን ብዙ ነበረ፤ ይቅርታውን የሰማው ጥቂት ነው። በመካከሉ ቀለሙ የተገኘበት የአንድ ፋብሪካ አለቃ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ።

ከዚህ የሚከፋው በ2008 ዓ.ም. የተገለጠው የወተት ነገር ነው። የወተት ሰብሳቢዎች በወተቱ ላይ ውሃ ጨምረው፥ የሳሳው ወተት በምርመራ እንዳይታወቅ ሜላሚን የሚባል የፋብሪካ ቅመም ይጨምሩበት ነበር። ምርመራው በወተት ውስጥ ያለውን ፕሮቲን የሚለካው ናይትሮጅን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቍጠር ነው፤ ሜላሚን ደግሞ ናይትሮጅን የበዛበት ነው። ስለዚህ መርዙ መሣሪያውን አታለለው፤ መሣሪያውም ሐሰቱን እውነት ብሎ መሰከረ። 6 ሕፃናት ሞቱ፤ 300,000 ያህሉም ታመሙ፥ ብዙዎችም በኵላሊታቸው ጠጠር ተገኘ። በ2009 ዓ.ም. ሁለት ሰዎች በሞት ተቀጡ፤ በዚያው ዓመት አዲስ የምግብ ሕግ ወጣ። የእናቶች ልብ ግን በሕግ አልተመለሰም። ብዙ ቻይናውያን የውጭ አገር ወተት ፍለጋ ወደ ሆንግ ኮንግ እየጐረፉ ስላስቸገሩ፥ በ2013 ዓ.ም. የሆንግ ኮንግ መንግሥት ከከተማው የሚወጣ ሰው ከሁለት ጣሳ የበለጠ የሕፃን ወተት እንዳይዝ ከለከለ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ በእኛ ገበያ «ቻይና ነው» እያለ የሚያማርረውን ሰው ድምፅ በዚያች እናት አፍ ሰማሁት። የመጥፎው ዕቃ መጀመሪያ ተጐጂ የአገሩ ድኻ ነውና።

ሆኖም ሌላው እውነት ደግሞ ከዚህ ጐን ይቆማል። በ2009 ዓ.ም. ቻይና ጀርመንን ቀድማ ወደ ውጭ አገር ዕቃ በመላክ ከዓለም አንደኛ ሆነች። በጄንግጆ ከተማ ባለው ታላቅ ፋብሪካ የአሜሪካው የአፕል ስልክ ይገጣጠማል፤ በሻንግሃይም ከ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካው የቴስላ አውቶሞቢል ይሠራል። ስልኩን በሺህ በሚቈጠር ገንዘብ ገዝቶ በኪሱ የያዘ ሰው፥ ከኪሱ ያለውን «አሜሪካ» ብሎ ሲያመሰግን፥ ከእግሩ ያለውን ጫማ «ቻይና» ብሎ ይነቅፋል፤ ሁለቱም ግን በአንድ አገር ሰዎች እጅ የተሠሩ ናቸው። እንግዲህ ልዩነቱ የሕዝቡ ሳይሆን፥ በዕቃው ላይ ስሙን አስፍሮ ስለ ስሙ የሚፈራ ሰው የመኖርና ያለመኖር ነው።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ብቻ ያነበብሁት እንዳይመስል፥ በዐይኔ ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። በአጥቢያችን ለሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ የኤሌክትሪክ መስመር ሊዘረጋ በታሰበ ጊዜ፥ ከሚገዙት ሰዎች አንዱ ሆኜ ወደ መርካቶ ሄጄ ነበር። ከእኛ ጋራ የሰበካ ጉባኤው ገንዘብ ያዥ የሆኑት ቄስና አንድ ሽማግሌ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። ባለሱቁ ሁለት ጥቅል ሽቦ አወጣ። ሁለቱም ከቻይና የመጡ ነበሩ፤ የአንደኛው ዋጋ ግን የሁለተኛውን እኩሌታ ያህል ነበረ። ውዱ ላይ የሠሪው ስም፥ የሽቦው ውፍረትና የፋብሪካው ማኅተም ነበረበት። በርካሹ ላይ ከአገሩ ስም በቀር ምንም አልነበረም። ባለሱቁም፦ «አባቴ፥ ሁሉም ያው ቻይና ነው፤ ለምን ገንዘብ ታባክናላችሁ?» አላቸው።

ሽማግሌው ዝም ብሎ ከኪሱ ሰንጢ አወጣና የርካሹን ሽቦ ጫፍ ፋቀው። ቀዩ ቅርፊት በተነሣ ጊዜ ውስጡ ነጭ ሆኖ ታየ። መዳብ መሆኑ ቀርቶ መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ነበረ። እንዲህ ያለው ሽቦ በተመሳሳይ ውፍረት ያለ የመዳብ ሽቦ የሚሸከመውን ኀይል አይሸከምም፤ ብዙ ኀይል ባለፈበት ጊዜ ይግላል፥ መጋጠሚያውም እየላላ ለእሳት ምክንያት ይሆናል። ቄሱ ግን ወዲያው አልተረቱም፤ በልባቸው ያለው ሌላ ነገር ነበረና፦ «ልጄ፥ ይህ ገንዘብ ከሙዳየ ምጽዋት የወጣ የድሆች ገንዘብ ነው፤ በእጥፍ ዋጋ ስንገዛበት ምን ብለን መልስ እንሰጣለን?» አሉ። ሽማግሌውም፦ «አባ፥ ምጽዋቱን የሰጡት የእነዚያው የልጆቹ እናቶች አይደሉምን? እሳት ቢነሣ የሚያገኘው የማንን ልጆች ነው?» ብሎ መለሰላቸው። ቄሱም ጥቂት አሰቡና ውዱ እንዲገዛ ፈቀዱ። ገንዘቡ ለሁሉ ስላልበቃ፥ በዚያ ዓመት መብራት የገባው ለአዳራሹ ብቻ ሆነ፤ ሁለቱ የጐን ክፍሎች እስከ ተከታዩ ዓመት ድረስ ያለ መብራት ቈዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለሱቁ ቃል ከአሳቤ አልወጣም። «ሁሉም ያው ቻይና ነው» ሲል፥ ቃሉ የነቀፋ ቃል መሆኑ ቀርቶ መሸሸጊያ ሆነለት። ሽቦውን በጓንጆ የሠራ ሰው አለ፤ በዚያ ዋጋ ይሠራልኝ ብሎ ያዘዘ አስመጪ አለ፤ ወደ አገር ሲገባ ሊመረምር የሚገባው ሹም አለ፤ ዐውቆ ያቀረበው ባለሱቅ አለ፤ ርካሹን የሚመርጥ ገዢ አለ። እነዚህ አምስቱ ሁሉ በአንድ ሩቅ አገር ስም ጀርባ ተሸሽገው ቆመዋል። ቤት የተቃጠለ እንደ ሆነ «የቻይና ሽቦ ነበር» ተብሎ ነገሩ ያልቃል፤ ከአምስቱ አንዱን ስንኳ የሚጠይቀው የለም። የናንጂንግ ጡብ የሰውን ስም ይዞ ነበርና ሰው ይጠየቅበታል፤ ይህ ሽቦ ግን የአገር ስም ብቻ ይዞአልና ማንም አይጠየቅበትም።

አንድ ወዳጄ ይህን አሳቤን ሰምቶ፥ «አንተ የምትለው ገንዘብ ላለው ነው፤ ርካሹ ዕቃ ባይኖር ድኻው ምን ይይዝ ነበር?» አለኝ። ንግግሩ እውነት ስለ ሆነ አልቃወመውም። በገጠር ያለ ተማሪ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ትንሽ መብራት ያገኘው፥ ባላገሩም ስልክ ለመያዝ የበቃው ዋጋው ስለ ወረደ ነው። ቴክኖ የሚባለውን ስልክ የሚሠራው የሼንጄን ኩባንያ የአማርኛ ፊደል ያለበትን ስልክ አውጥቶ፥ ከታላላቆቹ የአውሮጳና የአሜሪካ ሠሪዎች ይልቅ የእኛን ገዢ ፍላጎት አስቦአል። ስለዚህ ርካሽነት በራሱ በደል አይደለም። ቀላል የሆነ፥ ጌጡ የቀረለት፥ ነገር ግን ልኩን በእውነት የሚናገር ርካሽ ዕቃ ለድኻ በረከት ነው። በደሉ ያለው የሳሳውን ወፍራም፥ አሉሚኒየሙን መዳብ ብሎ በመሸጥ ነው። ድኻ በገንዘቡ ትንሹን ሊገዛ ይችላል፤ የገዛው ምን እንደ ሆነ የማወቅ መብቱ ግን ከባለጠጋው መብት አያንስም፤ ይልቁንም የተሰበረበትን የሚተካበት ገንዘብ ስለሌለው ይበልጣል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ልማድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኛ ሠሪን በስም መናቅ ከቻይና ዕቃ በፊት የምናውቀው ነገር ነው። ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ፋቂውን በሥራቸው ስም እየሰደብን፥ በሠሩት ግን እንለብሳለን፥ እናርሳለን፥ እንበላለን። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ይህ ልማድ አገሩን እንደሚጐዳ ስላዩ ነው። የተሰደበ ሠራተኛ ስሙን በሥራው ላይ ለማኖር አይደፍርም፤ ስሙን የማያኖርም ሠራተኛ ስለ ሥራው መጨነቁን ይተዋል። ዛሬ በሽሮ ሜዳ ገበያ በመኪና የታተመ የጥለት መሳይ ጨርቅ ከሸማኔው ሥራ አጠገብ ሲሰቀል፥ «ቻይና አጠፋን» እንላለን። ነገር ግን ጨርቁ ወደ አገር የገባው በእኛው ነጋዴ ትእዛዝ ነው፤ የሸማኔው ልጅም ከድንኳ ጕድጓድ የወጣው የእኛን ስድብ ሽሽት ጭምር ነው። «ካያያዝ ይቀደዳል፥ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚለው የአባቶች ምሳሌ በዚህ ቦታ ሁለቱም እጅ ይስማማል፤ አያያዛችን ጥበባችንን ቀደደ፥ አነጋገራችንም በራሳችን ላይ ፈረደ።

ስለዚህ አሳቤን በአጭር ቃል ላጠቃልል። ጥራት የአንድ ሕዝብ ተፈጥሮ አይደለም። ጀርመን ርካሽና መጥፎ የተባለችበት ዘመን ነበረ፥ አለፈ፤ ጃፓንም እንዲሁ። ቻይናም የነገሥታትን ገበታ ያስጌጠ ሸክላ፥ ሕፃናትን የገደለ ወተት፥ ዓለም ሁሉ የሚመኘውን ስልክ ሠርታለች። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ጥራት የተገኘው ሠሪው በሠራው ሥራ ስሙ በሚጠራበት፥ ገዢውም ያዘዘውን በሚመረምርበት ቦታ ነው፤ የጠፋውም ሁሉም በአንድ ሰፊ ስም ሥር በሚሸሸግበት ቦታ ነው። እንግዲህ ወደ ገበያ ስንሄድ ዕቃው የማን አገር ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሠራው ማን ነው፥ ያስመጣው ማን ነው፥ ልኩን የመሰከረው ማን ነው፥ ቢበላሽስ ወደ ማን እመለሳለሁ ብለን እንጠይቅ። አስመጪውም ስሙን በዕቃው ላይ ለማኖር የማይደፍር ከሆነ፥ ያን ዕቃ ለወገኑ ልጆች ቤት ማቅረቡን ይተው። ሹሙም ሚዛኑን የሚመረምረው ድኻውን አስቦ ይሁን።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ንስሓ አባት ነጋዴውን ስለ ጾምና ስለ ዐሥራት ሲጠይቀው ስለ ሽቦው ውፍረትም ቢጠይቀው ከአገልግሎቱ የወጣ ነገር አይመስለኝም። ሐሰተኛ ሚዛን በጥንት ዘመን በእህል ተራ ላይ ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ሽቦና በሕፃን ጡጦ ውስጥ ባለ ወተት ነው፤ ዐይን የማያየው ስለ ሆነ ከቀድሞው ይልቅ ሕሊና ያስፈልገዋል። ለሠሪውም፥ ለሻጩም፥ ለገዢውም ይህን ሕሊና ይስጥልን።